ስድስቱን ጎል ያላየሁበት ድል

የሰፈራችን ቡድን መጋላ ነብር የከዚራን ቡድን ስድስት ለባዶ ያሸነፈበትን እሁድ ሰው ሁሉ እንደ ሠርግ ቀን ያነሳዋል። ያገኘኝ ሁሉ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ «እንኳን ደስ ያለህ!» ይለኛል። እኔም «እንኳን አብሮ ደስ ያለን» እላለሁ። አፌ ይላል እንጂ ሆዴ አይልም። እውነቱን ዛሬ ለእናንተ ልናገርና ይውጣልኝ። በዚያ ቀን እንደ እኔ የተቃጠለ ሰው ከተሸናፊዎቹም መካከል አልነበረም። እነሱስ ተሸንፈው፣ እግራቸውን ታጥበው፣ እራታቸውን በልተው ተኝተዋል። አሸንፌ እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። መጋላ ውስጥ፣ ከጨርቅ ነጋዴዎቹ በረንዳ አንዱ ላይ መኪናዬን ዘርግቼ ሱሪም ሽርጥም እሰፋለሁ። የቡድናችንን ማሊያ የሰፋሁትም እኔው ነኝ። ቢጫ ጨርቅ ቆርጬ፣ ደረቱ ላይ በጥቁር ክር ነብር ጠለፍኩበት። ነብር በዓይኔ አይቼ ስለማላውቅ የጎረቤት ድመት ፊቴ አስተኝቼ ነበር የጠለፍኩት። ድመቷም ስታዛጋ አብሬ ጠልፌያት ኖሯል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ቡድናችን ሜዳ በገባ ቁጥር የከዚራ ቲፎዞዎች በአንድ ድምፅ «ሚያው!» ይላሉ።

ስምንት ዓመት ሚያው ተባልን። ሊጉ በተጀመረ ቁጥር ዘንድሮስ እንላለን፤ ዘንድሮም እንደ አምናው ይሆናል። አንድ ለባዶ እየመራን ሁለት ለአንድ እንሸነፋለን። ዝናብ በማታውቀው ድሬ ለኛ ጨዋታ ሲባል ዝናብ ይዘንብና ጨዋታው ተቋርጦ፣ በድጋሚው እንሸነፋለን። አንድ ጊዜማ ባቡሩ ሲያፏጭ በረኛችን የዳኛው ፊሽካ መስሎት፣ እጁ የገባችውን ኳስ መሬት ላይ በክብር አስቀምጦ ውሃ ሊጠጣ ሄደ። በዚህ ሁሉ ውስጥ እኔ አንድም ጨዋታ አልቀረሁም። ትኩሳት ይዞኝ ሄጃለሁ። የባለቤቴ የአክስት ልጅ ሲዳር ሙሽራውን መኪና ላይ አሳፍሬ በዚያው ሄጃለሁ። ከሜዳው ጥግ፣ ከኒም ዛፉ ሥር፣ መቀመጫዬ የተስተካከለባት ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበረችኝ። እኔ ከመቀመጤ በፊት እንደዚያ ጠፍጣፋ የነበረች አይመስለኝም።

ከበረንዳዬ ቀጥሎ ጉሌድ የሚባል ሻይ ሻጭ ጎረቤት አለኝ። ሶማሌ ነው፤ ረጅም፣ ሲራመድ የማይቸኩል፣ ለሶላት ካልሆነ ሻይ ቤቱን የማይዘጋ ሰው። ስምንት ዓመት ሙሉ «ና ኳስ እንይ» ብዬ ለምኜዋለሁ። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቆኛል።

«ዋሪያ፣ ኳሱ የማን ነው?»

«የማንም አይደለም፤ የጨዋታው ነው።»

«ባለቤት በሌለው ነገር ሃያ ሁለት ሰው ሲጣላ ሽማግሌ የለም?»

«ዳኛ አለ።»

«ዳኛው ምን ይላቸዋል?»

«ፊሽካ ይነፋባቸዋል።»

«ይኸው! ሽማግሌ ቢሆን ይመክራቸው ነበር።»

በዚያ እሁድ ግን የላምባ ምድጃው ተበላሸበትና ሠሪው እስከ ማታ አይደርስልህም አለው። ጉሌድ በሩን ገርበብ አድርጎ ቆሞ ሰማይ ሰማይ ሲያይ አገኘሁት። «አቦ፣ ዛሬ ሥራ የለኝም፤ እስቲ ያንተን ዕብደት ልየው» አለኝ። በደስታ እጁን ይዤ እየጎተትኩ ወሰድኩት። በገዛ እጄ! ይህን አስምሩበት።

ሜዳው እንደደረስን ጉሌድ ጎንበስ ብሎ አቧራውን እፍ አለና ድንጋዬ ላይ ተቀመጠ። ተነስ ልለው አፌን ከፍቼ ነበር፤ እንግዳ ነው ብዬ መልሼ ዘጋሁት። አጠገባችን ጋሽ ተሰማ ነበሩ። ጋሽ ተሰማ ባለጋሪ ናቸው፤ የቲፎዞው አለቃም እሳቸው ናቸው። በአዘቦት ቀን ፈረሳቸውን፣ እሁድ እኛን ይነዳሉ። እሳቸው ጨዋታውን የሚያሸንፈው ግማሹን ተጫዋች፣ ግማሹን ደግሞ የተመልካች እግር ነው ብለው ያምናሉ። ሲመጣ ደስታ የሚከተለው ሰው እግረ እርጥብ ነው፤ ሲመጣ ነገር የሚበላሽበት እግረ ደረቅ ነው። ፈረሳቸውን እንኳ ሲገዙ ጥርሱን ሳይሆን እግሩን ነው ያዩት ይባላል።

ጨዋታው ተጀመረ። እኔ ጎንበስ ብዬ የምቀመጥበት ሌላ ድንጋይ ስፈልግ ሜዳው በጩኸት ተናጋ። ቀና ስል ልጆቻችን ተቃቅፈዋል፤ የከዚራ በረኛ ኳሷን ከኋላው እያነሳ ነው። አንድ ለባዶ! ጥሩ፣ አንዷ አመለጠችኝ አልኩና ለእንግዳዬ ባጂያ ልገዛ ሄድኩ። ሻጯ ዘይቱን እያንጠፈጠፈች በወረቀት ስትጠቀልልልኝ፣ ሌላ ጩኸት። ሁለት! በሩጫ ተመለስኩ። ሩጫው ይሁን ደስታው እንጃ፣ ውሃ ሽንቴ መጣና ከአጥሩ ኋላ ዞር አልኩ። ሦስት! እንዲህ ባለ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው መዝለል እንደማይችል ታውቃላችሁ።

ስመለስ ጉሌድ «ዳኛው አሁን ለምን ነፋ?» ብሎ ጠየቀኝ። ኦፍሳይድ ነው አልኩት። ኦፍሳይድ ምንድን ነው አለኝ። ፊቴን ወደሱ አዙሬ፣ ሁለት ባጂያ ተከላካይ፣ አንድ ባጂያ አጥቂ አድርጌ ሳስረዳው አራተኛዋ ገባች። ጉሌድ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ አይቶ «ይሄኛውም ኦፍሳይድ ነው?» አለ።

አይደለም። ጎል ነበረች።

ወዲያው ደግሞ ዳኛው ሪጎሬ ሰጡን። አንድ መቺ፣ አንድ በረኛ፣ በመሃላቸው ማንም የለም። መቺው ካፒቴናችን በላይ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነው፤ በስምንት ዓመት አንድም ሪጎሬ ስቶ አያውቅም። አሁን አልኩ። ባጂያውን ጣልኩ፤ እጄን ጠረግሁ፤ ዓይኔን አፍጥጬ ያዝኩ። በላይ ተንደረደረ፤ መታ። ኳሷ ከጎሉ በላይ፣ ከአጥሩም በላይ አልፋ፣ ከጋሽ ተሰማ ፈረስ ሆድ ሥር ገባች።

ጋሽ ተሰማ ቀስ ብለው ዞሩ፤ ወደ በላይ ሳይሆን ወደ እኔ።

«አንተ፣ ይቺን አይተሃታል?»

«አዎ ጋሽ ተሰማ።»

«የገቡትን አራቱንስ?»

ልዋሽ ነበር፤ ግን ባጂያ ሻጯም ታየኛለች። «አላየሁም» አልኩ።

ጋሽ ተሰማ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ሰማይ ያዙት። «ጎበዝ! በሽታው ተገኘ!»

ስምንት ዓመት አንድ ጨዋታ አልቀረሁም እያልኩ ስኮራ ኖሬያለሁ። ያ ኩራቴ በአንድ አፍታ ክሴ ሆነ። «ስምንት ዓመት አልቀረም እኮ!» ይላል አንዱ። «የዝናቡም ቀን ነበረ!» ይላል ሌላው። «ባቡሩ ያፏጨም ቀን!» በረኛችን ሳይቀር ከጎሉ ሥር ጆሮውን ሰጥቶ ያዳምጣል። በመጨረሻ ጋሽ ተሰማ ክንዴን ይዘው፣ እንደ አባት ለስለስ ብለው፣ «ልጄ፣ ሂድ አንልህም፤ የኛው ሰው ነህ። ለቡድንህ ስትል ብቻ ፊትህን ዞር አድርግልን» አሉኝ። «ጉሌድ ግን እግሩ እርጥብ ነው፤ ከዚያች ድንጋይ ንቅንቅ እንዳይል!» አሉ ጮክ ብለው።

ዞርኩ። ምን ላድርግ? ሁለተኛውን አጋማሽ በሙሉ የአጥሩን ግንብ ሳይ ቆየሁ። አንዲት ፍየል የባጂያዬን ወረቀት ስትበላ አየሁ፤ በዚያ ቀን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያየሁት ነገር እሱ ብቻ ነው። ጉሌድ አዘነልኝና ከኋላዬ ሆኖ ይነግረኝ ጀመር።

«አሁን ቀጭኑ ልጅ ይሮጣል… ሮጠ… ቆመ። ጫማውን ያስራል። አሃ፣ ሌላው ወሰደበት!»

«የኛ ነው የነሱ?»

«የነሱ ልብስ ምን ዓይነት ነው?»

«ነጭ!»

«ሁሉም አቧራ ለብሷል፤ ወላሂ አልለይም።»

ጩኸቱ ፈነዳ። ጀርባዬን በሰው ክርን ተደበደብኩ። «ጉሌድ! ማን አገባ?» አልኩ።

«እንጃ» አለ ጉሌድ። «ሠርግም አለ እንዴ?»

ስድስተኛዋም እንዲሁ ሆነች። ስምንት ዓመት እንደዚያ ያለ ቀን ጠብቄ፣ ጎል ጎል መሆኗን ከማያውቅ ሰው አፍ ሰማኋት።

ፊሽካው ሲነፋ ሕዝቡ ወደ እኛ ጎረፈ። ሊሸከሙኝ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ። እኔን አልፎ ጉሌድን ተሸከመው። በላይ ላቡ እየተንጠፈጠፈ መጣና ማሊያውን አውልቆ ለጉሌድ አለበሰው። ያንን ማሊያ! እኔ የቆረጥኩትን፣ እኔ የጠለፍኩትን፣ አንድ ቀን እንኳ ለራሴ ለክቼ ያላየሁትን! ለጉሌድ አጠረውና እምብርቱ ታየ፤ ድመቴም ደረቱ ላይ ተለጥጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ነብር መሰለች። ይህችኛዋ ነገር ጨርሳ ገደለችኝ።

ጉሌድን ጋሽ ተሰማ ጋሪያቸው ላይ አውጥተው በጭብጨባ ወደ መጋላ ወሰዱት። እኔ ከኋላ የጋሪውን አቧራ እየጠጣሁ ተከተልኩ። ሰፈራችን ስንደርስ ባለቤቴ ሀሊማ በር ላይ ቆማ እልል ትላለች። ስምንት ዓመት ኳስን ስትረግም የኖረች ሴት ናት።

«የነጃት አባት! ጉሌድ እኮ እግረ እርጥብ ሆነላችሁ አሉ!»

«እሱ እንኳ…»

«ታዲያ ስምንት ዓመት ብቻህን ትሄዳለህ? ቶሎ አትወስደውም ነበር?»

ሻይ ቤቱ በር ላይ ሰው ተሰብስቦ ጉሌድ ጨዋታውን ይተርካል። ይህ ሰው ኳሱ የማን እንደሆነ እንኳ አያውቅም፤ ምላሱ ግን ማር ነው። ሦስተኛዋን ጎል ሲያወራ ሴቶቹ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ረጅሙ ልጅ ሰውዬውን እንደ በር ከፍቶ ገባ» አለ። እኔ ከኋላ ሆኜ «ያገባው ግራ ክንፉ ነው፤ ረጅሙ አይደለም» አልኩ። ሀሊማ ዞር ብላ፣ «አንተ ያኔ አጥሩ ኋላ አልነበርክም እንዴ?» አለች። መንደሩ በሙሉ ሳቀ። ይህንን ደግሞ ማን ነገራት?

ሳምንቱ እንዴት እንዳለፈ አትጠይቁኝ። ጉሌድ ማሊያውን ሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ቀና ባልኩ ቁጥር ድመቴ ከሰው ግድግዳ ላይ እያዛጋች ታየኛለች። ሱሪ ሊያስለካ የመጣ ሰው አንድ እግሩን ለክቼለት ሌላውን ሳልለካ፣ «ቆይ፣ ጉሌድ አምስተኛዋን ሊያወራ ነው» ብሎ ይሄዳል። ተናድጄ የጉሌድን ሻይ ተውኩ። ሻይ ልጠጣ እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ እሄድ ጀመር። የዚያኛው ሻይ የቆርቆሮ ጣዕም አለው፤ ሦስት ቀን ሆዴን ቆረጠኝ። ጉሌድ «ምን ሆንክ ጎረቤት? ከሳህ እኮ» ብሎ ዝንጅብል አፍልቶ አመጣልኝ። አልጠጣም አልኩት። ዞር ሲል ግን ጠጣሁት።

የሚቀጥለው እሁድ ጨዋታችን ከመልካ ጀብዱ ልጆች ጋር ነበር። ሐሙስ ዕለት ጉሌድ ብርጭቆ እየወለወለ ወደ በረንዳዬ መጣ።

«ዋሪያ፣ እሁድ በስንት ሰዓት ነው?»

ጨዋታው ዘጠኝ ሰዓት ነው። ይህን እያወቅኩ፣ ምላሴ ሳላዘው፣ «አስራ አንድ» አለ።

«ባለፈው ዘጠኝ አልነበረም?»

«ለሙቀቱ ሲባል ገፉት።»

ትንሽ አየኝ። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስቶ አየ፤ መልሶ እኔን አየኝ። «እሺ ጎረቤት» ብሎ ሄደ። ቅናት የሚሉት ነገር ሰውን ቀጣፊ ሲያደርገው እንዴት ፈጣን እንደሆነ ያን ጊዜ አወቅሁ። ቢሆንም ቃሌን አላጠፍኩም፤ አንዴ ወጥታለች።

እሁድ ገና በስምንት ሰዓት ሜዳ ደረስኩ። ጋሽ ተሰማ ካዩኝ ከግንቡ ጋር እንደሚያፋጥጡኝ ስለማውቅ፣ የሀሊማን ነጠላ ከራሴ እስከ አገጬ ጠምጥሜ መልካ ጀብዱ ቲፎዞዎች መሃል ተወሸቅሁ። ከዚያ ሆኜ አየሁ! የመጀመሪያዋ ጎል ስትገባ በሁለት ዓይኔ አየኋት፤ በላይ በደረቱ አቁሞ፣ በግራው። ልዘል ስል የተቀመጥኩበት ትዝ አለኝ። የነጠላውን ጫፍ ነከስኩ። ሁለተኛዋ ስትገባ ግማሹን ነጠላ አፌ ውስጥ ከተትኩ። በሦስተኛዋ እንባዬ መጣ። አጠገቤ የነበሩ የመልካ ጀብዱ ሽማግሌ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው፣ «አይዞህ ልጄ፣ ኳስ ነው፤ ሰው አልሞተም» ብለው አባበሉኝ። ይብሱን አለቀስኩ።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ እያየሁ ገባ! ሦስት ጎል፣ በእኔ ዓይን ሥር! እግረ ደረቅ አለመሆኔ በጠራራ ፀሐይ ተረጋገጠ። ግን ማን ያውቃል? ነጠላ ውስጥ ነኝ። ከወዲያኛው ጥግ ጋሽ ተሰማ «ጉሌድ የታለ?» እያሉ ሲቅበጠበጡ ቆይተው፣ የመጀመሪያዋ ስትገባ ባርኔጣቸውን ወርውረው «የትም ይሁን! የትም ቢሆን እግሩ ከኛ ጋር ነው!» አሉ። የሌለው ሰው ተመሰገነ። ያለሁት እኔ ነጠላ አኘክሁ።

ጨዋታው በሰላም አለቀ፤ ሦስት ለባዶ። ሰው ሊበተን ሲል አንድ ጋሪ እየተንገጫገጨ መጣ። ጉሌድ ነው። በሁለት ትልልቅ ብራድ ሙሉ ሻይ፣ በሳጥን ብርጭቆ ጭኖ መጥቷል። ተጫዋቾቹ ዘለው ከበቡት። እሱ ሁሉን ትቶ ዓይኑን አዟዟረና፣ ከነነጠላዬ ለይቶኝ፣ ሁለት ብርጭቆ ይዞ መጥቶ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«አለቀ ጎረቤት?»

«አለቀ።» ነጠላውን ከፊቴ ገለጥ አደረግሁ። «ጉሌድ፣ ስለ ሰዓቱ…»

«ሰዓቱንማ አውቃለሁ» አለ ሻዩን እፍ እያለ። «ሻይ ቤቴ የገባ ሁሉ ሳምንቱን ሙሉ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ ሲል ነው የከረመው።»

«ታዲያ ለምን አልመጣህም?»

«አንተ አስራ አንድ አልከኝ። ይሄ ሰው ብቻውን ሊያያት ፈልጓል ማለት ነው አልኩ። ስምንት ዓመት የጠበቅካትን ነገር፣ እኔ ምን ብዬ መሃል እገባለሁ? ባለፈው ፊትህን ሲያዞሩህም ደስ አላለኝም፤ ግን የኳስ ሕግ መስሎኝ ዝም አልኩ።»

እንዲህ ያለ ሰው ላይ እንዴት ይቀናል? ይቀናል! በጨዋነቱ እንኳ ቀናሁበት፤ ለምን እኔ አልሆንኩም ብዬ።

«በል ንገረኝ» አለ ወደኔ ጠጋ ብሎ። «ሁሉንም አይተሃል አይደል? ከመጀመሪያዋ ጀምር።»

ነገርኩት። የመጀመሪያዋን፣ ሁለተኛዋን፣ ሦስተኛዋን። ሕፃን እንኳ እንደዚያ አፉን ከፍቶ አያዳምጥም። ሦስተኛዋ ስታልቅ ይቅርታ ልለው አፌን ከፈትኩ፤ ሊወጣ ያለው ይቅርታ ነበር፤ የወጣው ግን ጎል ነው።

«አራተኛዋ ደግሞ…» አልኩ።

«ሦስት ነው ሲሉ የሰማሁ መሰለኝ።»

«አራተኛዋን ዳኛው ሻሩብን። ከሁሉም እሷ ነበረች ጎል!» ከዚያማ ማን ያቁመኝ? በላይን ከመሃል ሜዳ አስነሳሁት፤ አራት ሰው አሳለፍኩት፤ ኳሷን በተረከዙ አስነስቼ፣ በጭንቅላቱ አስተኝቼ፣ ጀርባውን ለጎሉ ሰጥቶ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ አስመታሁት። ጉሌድ ሻዩ እጁ ላይ ፈሰሰበት፤ አላወቀውም። «ሱብሃነላህ!» አለ። «ይህቺን ደግሞ ይሽራሉ?»

በማግስቱ ጠዋት በረንዳዬ ላይ መኪናዬን ዘይት ስቀባ፣ ከሻይ ቤቱ የጉሌድ ድምፅ መጣ። አራተኛዋን እያወራ ነው። እኔ አራት ሰው ያሳለፍኩትን እሱ ስድስት አድርሶታል፤ አየር ላይ የተንጠለጠለው በላይ እስኪወርድ ድረስ ጉሌድ አንድ ብርጭቆ ሻይ ይጠጣል። ሜዳው ላይ የነበሩት ሁሉ «አዎ፣ ያቺማ! ያቺማ ትለያለች!» ይላሉ። ጋሽ ተሰማ ጠረጴዛ እየደበደቡ ዳኛውን ይራገማሉ። በላይ ራሱ አንገቱን ደፍቶ ፀጉሩን እያሻሸ፣ «መምታቱንስ ደህና አድርጌ ነበር የመታኋት» አለ።

ብድግ ብዬ ጎሏ የእኔ ናት ልል ነበር። ግን ምን ብዬ ነው የማስረዳው? መልሼ ተቀመጥኩና መርፌዬን አነሳሁ። ካላየኋቸው ስድስት ጎሎች ሁሉ ይልቅ እስከ ዛሬ የምትቆጨኝ ያቺ ያልገባችው ናት።